አሮጌዋ ትንሿ ሂሉክስ፤ ትርፉ ያለው ግዢው ላይ ነው ወይስ ጥገናው ላይ?

ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ትርፍ የሚገኘው ሲገዙ እንጂ ሲሸጡ አይደለም። ሶማሌ ተራ ለሞተርና ለካምቢዮ የሚሠራው ይህ ሕግ፣ በጃፓን፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ጎልማሶች በጨረታ በሚሻሙባት አንዲት የመጫወቻ ፒክአፕ ላይም ይሠራል። እንዲያውም እዚያ ይብሳል። ምክንያቱም ገዢው ብዙውን ጊዜ ነጋዴ አይደለም፤ በልጅነቱ በሱቅ መስተዋት አይቶ ያላገኛትን መኪና ዛሬ ደሞዝ ሲኖረው የሚገዛ ሰው ነው። ዓይኑ ያለው መኪናዋ ላይ ነው። ሒሳቡን የሚሠራው ሻጩ ነው።

መኪናዋ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣት የቶዮታ ሂሉክስ ፒክአፕ ናት። በሬዲዮ ከሩቅ ትነዳለች፤ መጠኗም የእውነተኛዋ አንድ አሥረኛ ነው። ነገር ግን ለልደት ከሚገዛው የባትሪ መኪና ጋር አትደመርም። ሻንሲዋ ብረት ነው። ከሥሯ እንደ ትልቋ ሁሉ ባሌስትራ አለ። አራቱም ጎማዎቿ ይጎትታሉ። ካምቢዮዋ ባለ ሦስት ማርሽ ሲሆን፣ ነጂው ሬሞቱን በእጁ እንደያዘ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ያስገባል። ሂሉክስን በገጠር መንገድ ያወቀ የአገራችን ሰው ይህችን ትንሿን ገልብጦ ቢያይ ከሥሯ የሚያየው ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

ታሚያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1946 በሺዙኦካ ከተማ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው በእንጨት ንግድ ነው። ወደ ሞዴል መኪና የገባው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያውን በሬዲዮ የሚነዳ መኪና፣ ፖርሽ 934ን፣ ሲያዘጋጅ እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝቶ ፈታትቶ እንዳጠና በሰፊው ይነገራል። ለመጫወቻ ሲባል ፖርሽ መፍታት ለእኛ ጆሮ ዕብደት ቢመስልም፣ ዛሬ አሮጌ ዕቃውን ተፈላጊ ያደረገው ይኸው ጥንቃቄ ነው። ኩባንያውን ለአሠርት ዓመታት የመሩት ሹንሳኩ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ2025 በ90 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

የ1981ዷ ሂሉክስ የካርቶን ቁጥሯ 58028 ነው። ከእርሷ በኋላ በተመሳሳይ ባለ ሦስት ማርሽ አሠራር በ1982 ብሌዚንግ ብሌዘር፣ በ1985 ብሩዘር፣ በ1992 ማውንቴኒር ወጥተዋል። ቁጥሮቻቸው በቅደም ተከተል 58029፣ 58048 እና 58111 ናቸው። አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ ቢይዝ አይጎዳም፤ ወደ ኋላ ላይ ገንዘብ ያድናሉ።

«ኦሪጅናል» ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚህ ገበያ አዲስ ገዢን የሚያሳስተው የመጀመሪያው ነገር «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ነው። የድሮ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ኦሪጅናል ሲሉ ፋብሪካው የቀባውን ቀለም ጭምር ማለታቸው ነው። ይህች ግን ከፋብሪካ የወጣችው ተበታትና ነው። ካርቶኑ ውስጥ የነበሩት ብሎኖች፣ ማርሾች፣ ያልተቀባ ካሮሴሪ፣ ስቲከርና የመገጣጠሚያ መመሪያ ደብተር ናቸው። የገጣጠማትም የቀባትም ገዢው ነው፤ ብዙ ጊዜም ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ልጅ። ስለዚህ የፋብሪካ ቀለም የሚባል ነገር የለም። ከሰላሳና ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ልጅ ያንጠባጠበውን ቀለም እንደ ቅርስ የሚጠብቅ ገዢ ጥቂት ነው።

ታዲያ ዋጋ ያለው ምኑ ነው? ክፍሎቹ ናቸው። ያልተሰነጠቀ ካሮሴሪ፣ ክሮሙ ያልተላጠ ጌጥ፣ የመጀመሪያው ሞተር፣ ያልተቆረጠ ሻንሲ፣ በዚያን ዘመን የታተመው ስቲከር፣ መመሪያ ደብተሩና ካርቶኑ። በተለይ ካርቶኑ። ባዶ ካርቶን ለብቻው ገዢ ያለው ዕቃ ነው ቢባል የማያምን ይኖራል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ሙሉ ስብስብ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው የጎደለውን ካርቶን ለመሙላት ይከፍላል።

ከዚህ የሚወጣው የገበያ ትርጉም ቀላል ነው። የተበላሸ ቀለም ዋጋ አይቀንስም ማለት ይቻላል፤ ስለሚታጠብ። የጎደለ ክፍል ግን ዋጋ ይሰብራል። አቧራ የለበሰችና አንድ ብሎን ያልጎደላት መኪና፣ እያበራች ከምትሄድና የካምቢዮ ማንሻዋ በቤት በተሠራ ሽቦ ከተተካ መኪና ትበልጣለች። ፎቶግራፍ ላይ ግን ሁለተኛዋ ታምራለች። ገዢ የሚታለለውም እዚያ ነው።

የጥገናው ጓዳ

ገዝቶ ቤት ያስገባ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ካቻቢቴ ነው፤ የመጀመሪያውን ጉዳት የሚያደርሰውም በእርሱ ነው። የጃፓን ብሎን ራሱ መስቀል ቢሆንም በአውሮፓና በአሜሪካ ከተለመደው መስቀል ካቻቢቴ ጋር በትክክል አይገጥምም። የተለመደው ካቻቢቴ ጥልቀቱ ስለማይስማማ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። በጃፓን ደረጃ የተሠራ ካቻቢቴ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ራሱ የተበላ አሮጌ ብሎን ግን ፕላስቲኩን ሳይጎዱ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። መልሰው ሲያስሩም አንድ ብልሃት አለ። ብሎኑን መጀመሪያ ወደ ኋላ እያዞሩ በድሮው ጥርስ ላይ ጠብ ሲል መስማት፣ ከዚያ ወደ ፊት ማጥበቅ። ይህን የማያደርግ ሰው በፕላስቲኩ ውስጥ አዲስ ጥርስ ያወጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ቀዳዳው ይሰፋና ብሎኑ መያዝ ይተዋል።

ቀጥሎ ባትሪ ነው። በሬሞቱ ውስጥ ተረስቶ የቆየ ተራ ባትሪ ፈስሶ ንክኪዎቹን በልቷቸው ይገኛል። ከአልካላይን ባትሪ የሚፈሰው ነገር በኮምጣጤ ስለሚረክስ፣ ጥጥ በኮምጣጤ ነክሮ መጥረግና አድርቆ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ማሸት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። የመኪናዋ የራሷ የድሮ ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ግን መመለሻ የለውም። ካድሚየም መርዝ ስለሆነ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አዲስ ሊቲየም ባትሪ ገዝቶ ከድሮው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ጋር ያገናኛል። ይህ አደጋ ነው። የድሮው መቆጣጠሪያ በክንድ እየተገፋ የመዳብ ንክኪዎችን የሚያገናኝ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ባትሪው ሲደክም የሚያቋርጥበት ዘዴ የለውም። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከመጠን በላይ ከተሟጠጠ ይበላሻል፤ ያ ባትሪ እንደገና ሲሞላ ሊያብጥና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ድሮውን ይዞ መቀጠል የሚፈልግ ሰው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ቢገዛ ይሻለዋል።

ያ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ራሱ ብዙ ሰው ፈቶ የሚጥለው ክፍል ነው። ፍጥነቱን የሚቀንሰው የባትሪውን ኃይል በሬዚስታንስ ውስጥ ወደ ሙቀት በመለወጥ ስለሆነ ይግላል፤ ንክኪዎቹም ይጠቁራሉ። በአዲስ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ቢተካ መኪናዋ ትለሰልሳለች። የሬዲዮውም ነገር እንደዚሁ ነው። በዚያን ዘመን በብዙ አገር ይሠራ የነበረው 27 ሜጋኸርትዝ ሲሆን፣ ጎረቤት በተመሳሳይ ክሪስታል ሲነዳ መኪናዋ የእርሱን ትእዛዝ ትሰማ ነበር። አዲሶቹ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ስለሚሠሩ ይህ ችግር የለባቸውም። ስለዚህ መተካቱ ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ የወጣውን መጣል ነው። አዋቂዎቹ የወጣውን ሁሉ በላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ በላዩ ጽፈው፣ ከመኪናዋ ጋር ያስቀምጣሉ።

ጎማ የሚያሳዝን ክፍል ነው። ላስቲክ በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ መኪናዋ ለዓመታት በእግሯ ከቆመች ደግሞ ክብደቱ ያረፈበት በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ይህን የሚመልስ ቅባት አለ የሚል ሻጭ ቢመጣ አትስሙት። ቅባት ያጠቁረዋል፤ ስንጥቁን አይገጥመውም።

ቀለሙን ለማስለቀቅ ከዓመታት ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ የፍሬን ዘይት ነው። ጠንካራውን ካሮሴሪ ዘይት ውስጥ ነክሮ ማሳደር፣ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ማሸት። ጓንት ያስፈልጋል። መጀመሪያም በማይታይ ቦታ መሞከር ግድ ነው። የውድድር መኪኖች የሚለብሱት ቀጭኑና ከውስጥ የሚቀባው ግልጽ ካሮሴሪ ግን ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆነ ዘይቱ ያበላሸዋል፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው ካሮሴሪውን ከእጁ ላይ ያጣል። ወደ ቢጫነት የሄደ ነጭ ፕላስቲክ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በፀሐይ ብርሃን ይነጣል፤ ቢጫው ግን ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ይህን ሳይናገር የሚሸጥ ሰው አለ።

እዚህ ላይ የኔ አስተያየት ግልጽ ነው። ቀለሙን ማጠብ ይቻላል፤ በቀለሙ ላይ ያሉት የዘመኑ ስቲከሮች ደህና ከሆኑ ግን መኪናዋ ሳትታጠብ ብትቀር ይሻላል። አስመስሎ የታተመ ስቲከር በየቦታው ይሸጣል፤ የ1981ዱን ስቲከር ግን ከታጠበ በኋላ የሚመልሰው የለም። ከታጠበችም የምትቀባው በካርቶኑ ሥዕል ዓይነት ቢሆን ገዢ ይበዛላታል። በራሱ ምርጫ ወርቃማ የቀባ ሰው ደስ ይበለው፤ ሲሸጥ ግን የሚቀጥለው ገዢ የማስለቀቂያውን ድካም ከዋጋው ላይ ይቀንስበታል።

ሒሳቡ

አሁን ቁጥር እናስቀምጥ። ቁጥሮቹ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሰው የምትሄድ ግን የጎደለች መኪና በ100 ገዛ እንበል። አራት ጎማ 20፣ ስቲከር 15፣ የጎደለ የካምቢዮ ክፍል 30፣ ክሮም ጌጥ 15፣ አዲስ ሬዲዮና መቆጣጠሪያ 40፣ ቀለምና ጥቃቅን 10 አወጣ። ድምሩ 230 ደረሰ። አሳምሮ በ200 ሸጣት። አሻሻጩ ድርጅት 12 በመቶ ቢወስድ በእጁ የሚቀረው 176 ነው። የሁለት ወር ማታ ማታ ድካሙን ሳንቆጥር 54 ከሠረ።

ሌላው ሰው አቧራ የለበሰች፣ ምንም ያልጎደላት፣ መመሪያ ደብተሯም ያለ መኪና በ160 ገዛ። ሰዎች ተወደደበት አሉ። 10 አውጥቶ አጸዳ፤ ንክኪዎቹን ጠረገ፤ በ220 ሸጠ። ኮሚሽኑ 26 ከ40 ሲወጣ 193 ከ60 ቀረው። ትርፉ 23 ከ60 ነው። ብዙ አይደለም፤ ግን የሠራው የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

በዚህ ንግድ ደላላው ኮምፒውተር ነው። ኢቤይን የመሰለ የኢንተርኔት ጨረታ ገዢና ሻጭን ያገናኛል፤ እንደማንኛውም ደላላ ኮሚሽኑን አይረሳም። አንድ ጥቅም ግን አለው። በተጠየቀበት ዋጋና በተሸጠበት ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ይቻላል። ሻጭ በፈለገው ዋጋ ማውጣት መብቱ ነው፤ ዕቃው ለወራት ሳይነሳ ከቆመ ያ ዋጋ ምኞት ነበር ማለት ነው። አዲስ ገዢ የምኞቱን ዋጋ አይቶ «ይህን ያህል ታወጣለች» ይላል። ነባሩ የሚያየው የተሸጡትን ነው።

ከጠጋኝም ከደላላም ይልቅ የሚያተርፍ ሦስተኛ ሰው አለ፤ አራጁ። ሙሉ መኪና ገዝቶ ይፈታና ካምቢዮውን ለብቻ፣ አክሰሉን ለብቻ፣ ካሮሴሪውን ለብቻ፣ ብሎን ሳይቀር በከረጢት ይሸጣል። የተነጣጠለው ድምር ከሙሉው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ የአንድ ክፍል እጦት ያስጨነቀው ጠጋኝ ለዚያ ክፍል ከዋጋው በላይ ስለሚከፍል ነው። የቆመ መኪና አራርዶ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ስሌት ማስረዳት አያስፈልገውም። ነገር ግን አንድ በታረደች ቁጥር ሙሉዋ ትወደዳለች፤ የሚቀጥለው አራጅም የሚያርዳትን በውድ ይገዛል።

ቧንቧው በማን እጅ ነው?

የድሮ ሳንቲም ወይም የድሮ ቴምብር የሚገዛ ሰው አንድ ዋስትና አለው፤ ያ ዘመን ተመልሶ አያትምም። የታሚያን መኪና የሚገዛ ሰው ይህ ዋስትና የለውም። ኩባንያው በሥራ ላይ ነው፤ ሲፈልግ ያንኑ መኪና በአዲስ ካርቶን ያወጣል። ሆርኔት የተባለችውን የ1984 መኪና በ2004፣ ሳንድ ስኮርቸርን በ2010፣ ሞንስተር ቢትልን በ2015፣ ብላክፉትን በ2016 መልሶ አውጥቷል። ከባለ ሦስት ማርሾቹ መካከል ብሩዘር በ2012 ተመልሳለች። በ2007 ደግሞ ሂሉክስ ሃይሊፍት የተባለች ባለ ሦስት ማርሽ ፒክአፕ አውጥቷል፤ እርሷ ግን አዲስ ንድፍ እንጂ የ1981ዷ ቅጂ አይደለችም።

አቅርቦቱ እንዲህ በአንድ ውሳኔ ሲጨምር ዱላው በሁሉም ላይ እኩል አያርፍም። ካርቶኗ ያልተከፈተ የ1985 ብሩዘር የያዘ ሰው የያዘው ሌላ ዕቃ ነው፤ የእርሱ ገዢ የሚፈልገው ያንኑ ዘመን ነው። የሚመታው የመካከለኛዋ ባለቤት ነው። የምትሄድ፣ ትንሽ የተጎዳች፣ ግማሹ ክፍሏ የተቀየረ መኪና የሚገዛት ሊነዳት የሚፈልግ ሰው ነበር። ያ ሰው አሁን አዲስ መግዛት ይችላል፤ መለዋወጫም ያገኝላታል። በአንጻሩ ደግሞ ከአዲሱ ምርት አንዳንድ ክፍል ለድሮዋ ስለሚሆን፣ ለዓመታት በጎደለ ክፍል የቆመች መኪና ልትነሳ ትችላለች። ሁሉም ክፍል አይገጥምም፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሁለቱን መመሪያ ደብተር ጎን ለጎን ማየት ይበጃል።

ማጭበርበሩም ከዚሁ ይመጣል። አዲሷን ብሩዘር ትንሽ አቆሽሾ፣ ካርቶኑን «ጠፋ» ብሎ፣ በ1985 ስም መሸጥ። መለያው አለ። የድሮዋ የካርቶን ቁጥር 58048፣ የአዲሷ 58519 ነው። ድሮዋ የመጣችው 750 በሚባለው ትልቅ ሞተር ሲሆን አዲሷ በተለመደው አነስተኛው 540 ሞተር ናት። ሞተር መቀየር ስለሚችል እርሱ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። በፕላስቲክ ላይ የተቀረጸ ዓመትም አያስተማምንም፤ ፎርማው የድሮ ከሆነ የሚያወጣው ጽሑፍም የድሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመመሪያ ደብተሩን ፎቶግራፍ መጠየቅ ነው። ደብተሩም ካርቶኑም ጠፉ የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ዋጋውንም እንደ እውነቱ ዝቅ ማድረግ አለበት።

በአካል ተገኝቶ ለሚገዛ አንድ ፈተና አለ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መኪናዋን በጎኗ በትንሽ ሳጥን ላይ አስደግፎ ጎማዎቹ አየር ላይ እንዲሆኑ ማድረግ፣ ባትሪ ባይኖርም የኋላውን ጎማ በእጅ እያዞሩ የካምቢዮውን ማንሻ በጣት መግፋት። ሦስቱም ማርሽ ቀጭ ብሎ ከገባ፣ የፊተኛው አክሰልም አብሮ ከዞረ፣ የውስጡ ጥርስ ደህና ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ሻጩ «ግሪስ ቢቀባ ይስተካከላል» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የተዘረዘረውን የካምቢዮ ክፍል ዋጋ ከኪስ አውጥቶ ማሳየትና ያንኑ ያህል ከዋጋው እንዲቀንስ መጠየቅ ነው። ካልቀነሰ በላስቲክ ከረጢት ያስቀመጣቸው የድሮ ክፍሎች እንዳሉ ይጠየቅ፤ አንዳንዴ የጎደለው ማርሽ እዚያ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል።